በእከሌ ቦታ የገባው ስም

ኖልቤርቶ ካትሪላፍ በሽተኛ ነክቶ አያውቅም፤ ነገር ግን በዚያ ሆስፒታል የተኛ ሰው ሁሉ ስሙ በእሱ እጅ ሳያልፍ አይወጣም ነበር። ነፋስና በግ በሚበዛባት በዚያች የፓታጎንያ ከተማ፣ በኮሎኒያ ሳውሴ፣ የሆስፒታሉን ኮምፒዩተሮች የሚጠብቅ እሱ ብቻ ነው። ክፍሉ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ መስኮት የሌለው ጠባብ ቤት ነበር። ሰርቨሩ፣ ሌሎቹን ሁሉ የሚያገለግለው ዋናው ኮምፒዩተር፣ ቀን ከሌት እንደ ንብ ቀፎ ስለሚያጉረመርም፣ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ሙዚቃ እየሰማ ይሠራል። ሹራቡ ክርኑ ላይ ተቀዶ በሌላ ቀለም ክር ተጥፏል። የጠቀመውም ራሱ ነው፤ ስፌቱን ያየ ሰው ሴት እንዳሳደገችው ያውቃል።

ያሳደገችው አክስቱ ኤርሜሊንዳ ናዌልፓን ናት። እናቱ ገና ሳያውቃት ሞታበት፣ አባቱም እመለሳለሁ ብሎ በዚያው ሲቀር፣ አክስቱ ከከተማው ርቆ በሚገኘው በላጉና ፍሪያ፣ በፍየልና በሽመና ሥራ አሳደገችው። እሷ አልወለደችም፤ ልጅ ግን አሳድጋለች። ለአዳሪ ትምህርት ቤት ሲሄድ መጀመሪያ የሸመነችውን ፖንቾ፣ የሱፍ ካባዋን፣ ሸጠች፣ ቀጥላ ከፍየሎቹ ግማሹን፣ በመጨረሻም የእናቷን የብር ጌጥ። የብሩን ጌጥ መሸጧን የነገረችው የለም። በዓል ሲሆን አንገቷ ባዶ መሆኑን አይቶ ነው የገባው።

ሥራ ከያዘ በኋላ «በጠቦቶቹ ጆሮ ላይ ምልክት ስታደርጊ እመጣለሁ» አላት። ሳይሄድ ቀረ። «ለአዲስ ዓመት» አለ፤ ያኔም ሰርቨሩ ታመመበት። ዛሬ ነገ ሲል ዓመት ዓመትን ወለደ። ጨካኝ ሆኖ አይደለም። የሚወዱትን ሰው ሁልጊዜ እዚያው የሚገኝ አድርጎ ማሰብ ቀላል ስለሆነ ነው።

በዚያ ሜዳ ስልክ አይሠራም። ወሬ የሚሄደው በሬዲዮ ነው። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ግላዲስ ሶሌር የምትባል ሴት የገጠሩን ሰው መልእክት ታነባለች፦ ለእገሌ፣ እህትህ በሰላም ተገላግላለች፤ ለእገሊት፣ ሱፍሽ ተሸጧል። በያንዳንዱ መልእክት መጨረሻ «ይህን የሰማ ጎረቤት እባክዎ ያድርስ» ትላለች። በዚያች ሰዓት ሜዳው ሁሉ ማንኪያውን አስቀምጦ ያዳምጣል። የአንዱ ባትሪ ቢያልቅ ሌላው ፈረስ ጭኖ ሄዶ ይነግረዋል። የሰማውን ያላደረሰ ሰው እዚያ አገር ሰው አይባልም።

ሆስፒታሉም አርብ አርብ የዳኑትን በመኪና ወደየሰፈራቸው ሲመልስ፣ መኪናው የሚደርሰው እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ዘመድ ፈረስ ይዞ በሽቦው አጥር በር ላይ ጠብቆ ይወስዳል። ስለዚህ አንዲት ነርስ በየረቡዑ ስሞቹን ጽፋ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ትወስድ ነበር። ነርሷ ጡረታ ስትወጣ የሆስፒታሉ አለቃ ኖልቤርቶን «ይህን ማሽኑ ይሥራው» አለው።

ኖልቤርቶ ጽሑፉን አዘጋጀ። እንዲህ የሚል ነበር፦ «ለእከሌ፣ እከሌ ቦታ። እከሌ በአርቡ መኪና ይመጣል። ፈረስ ይዘው በአጥሩ በር ላይ ይጠብቁ።» እርግጥ «እከሌ» ብሎ አልጻፈም። በየእከሌው ቦታ የዶላር ምልክትና ቅንፍ አደረገ፣ በቅንፉም ውስጥ «ተቀባይ»፣ «ሰፈር»፣ «መጪ» የሚሉ ቃላት። ሰርቨሩ ከዳታቤዙ፣ ከበሽተኞቹ መዝገብ፣ የዳኑትን ሰዎች ስም እያወጣ በእከሌዎቹ ቦታ ይተካል፤ ለያንዳንዱ በሽተኛ አንድ መልእክት ጽፎ ለሬዲዮው ይልካል።

ጽሑፉን ለመሞከር ስም አስፈለገው። ሌላ ሰው ቢሆን «ሀ፣ ለ፣ ሐ» ብሎ ያልፍ ነበር። የኖልቤርቶ ጣቶች ግን ከጽሑፉ ራስ ላይ በሦስት መስመር ይህን ጻፉ፦ ተቀባይ፣ ዶኛ ኤርሜሊንዳ ናዌልፓን። ሰፈር፣ ላጉና ፍሪያ። መጪ፣ ኖልቤርቶ። ቁልፉን ሲጫን መልእክቱ ሙሉ ሆኖ ወጣ፦ ኖልቤርቶ በአርቡ መኪና ይመጣል፣ ፈረስ ይዘው ይጠብቁ። አንብቦ ፈገግ አለ። ደግሞ አነበበው። የሄደ ያህል ቀለለው፤ በዚያ ሳምንት ስለ አክስቱ አልተጨነቀም።

በእጁ ሲያዘው የታዘዘው ጽሑፍ፣ በሰርቨሩ ውስጥ ሥራዎችን በየሰዓታቸው ለሚቀሰቅሰው ሰዓት ጠባቂ ሲሰጠው እምቢ አለ። «ይህን ስም አላውቀውም» ብሎ ሥራውን ገና ሳይጀምር ጣለው። ኖልቤርቶ ብዙ ከተንገላታ በኋላ ምክንያቱን ደረሰበት፦ ሰዓት ጠባቂውም የራሱ እከሌዎች አሉት፣ እነሱም የሚጻፉት በዚያው በዶላርና በቅንፍ ነው። የሌላውን እከሌ ሲያይ የራሱ እየመሰለው ይፈልገዋል፣ ሲያጣው ይቆጣል። ስለዚህ ኖልቤርቶ ጽሑፉን ለብቻው በፋይል አስቀመጠና፣ ሰዓት ጠባቂው ፋይሉን ብቻ እየጠራ ስሞቹን ከውጭ እንዲያቀብለው አደረገ። እሺ አለ። ረቡዕ ማለዳ ከሥራው ጎን «በሚገባ ተፈጽሟል» የሚል አረንጓዴ ምልክት ወጣ። ኖልቤርቶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ሌላ ሥራው ዞረ።

ሦስቱን የሙከራ መስመሮች ከፋይሉ ራስ ላይ አላነሳቸውም።

ክረምቱ ገባ። አረንጓዴው ምልክት በየረቡዑ ይወጣል። አንድ ሐሙስ ዶን ኤሊያስ አብዳላ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። ዶን ኤሊያስ በጭነት መኪናቸው ወደ ሜዳው ዱቄትና እንደ ሻይ የሚጠጣውን የማቴ ቅጠል ወስደው ሱፍ ይዘው የሚመለሱ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው፤ ኖልቤርቶን ከሕፃንነቱ ያውቁታል። ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ ላጥ አደረጉት።

«አንተ ጌታ! ጆሮህን የደፈንከው ማንን ላለመስማት ነው?»

«ዶን ኤሊያስ! ይቀመጡ እንጂ። ምን እግር ጣለዎት?»

«የእኔን እግር ተወው። ያንተ እግር የት ገባ? አርብ አርብ የት ነው የምትወርደው?»

«የምን አርብ?»

«አትቀልድብኝ። አክስትህ ፈረስ ጭና በሩ ላይ ተገትራ ትውላለች። ሬዲዮኑ ኖልቤርቶ ይመጣል ይላል፤ ኖልቤርቶ የለም። በሳምንቱ ደግሞ ኖልቤርቶ ይመጣል! እንደ መሲሕ አደረግኸው እኮ!»

ኖልቤርቶ መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደሙ ከሥሩ ሸሸ። «እኔ ምንም አልላክሁም» አለ።

«ታዲያ ማን ላከ? ፍየሏ?»

«እሷ ራሷ ሰማችው? ሬዲዮኗ ተበላሽቷል ብለውኝ አልነበር እንዴ?»

«እሷማ አልሰማችም። ሴጉንዶ ዌንቹል ነው እየጋለበ የሚነግራት። ጎረቤት አይደለ? ያድርስ ተብሏል፣ ያደርሳል። አሁን ተነስ። ወደዚያው ነኝ፣ በላጉና ፍሪያ በር ነው የማልፈው። ካፖርትህን ልበስ።»

ኖልቤርቶ ተነሳ። ከዚያ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞሮ አየ። «ትንሽ ይቆዩኝ ዶን ኤሊያስ። ስህተቱን ሳላገኘው ብሄድ የሚቀጥለው ረቡዕም ይደገማል።»

«የሚቀጥለው ረቡዕ ገና ነው፣ ልጄ። ነገ ግን አርብ ነው።»

«አንድ ሰዓት ብቻ።»

«ሰማዩን አይተኸዋል?» አሉ ዶን ኤሊያስ መስኮት የሌለውን ግድግዳ እያዩ። «ከየት ታየዋለህ! እኔ በረዶ ላይ አላድርም።» ጥቂት ጠበቁት። ተመልሶ መቀመጡን ሲያዩ ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ።

ኖልቤርቶ ስህተቱን መፈለግ ጀመረ። መጀመሪያ የጠረጠረው ዳታቤዙን ነበር። ከፍቶ አየው፣ ስሞቹ ልክ ናቸው፤ የዚያ ሳምንት በሽተኞች ከነሰፈራቸው ተደርድረዋል። ሰዓት ጠባቂውን ጠረጠረ። የሥራውን ታሪክ ዘረዘረ፣ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው፤ አንድም ቅሬታ የለም። ከዚያ ፋይሉን በእጁ ጠራና በስም ቦታ «ድንጋይ» ብሎ አቀበለው፤ ተቀባይ ድንጋይ፣ ሰፈር ድንጋይ፣ መጪ ድንጋይ። የወጣው መልእክት ግን «ለዶኛ ኤርሜሊንዳ ናዌልፓን» ይላል።

ያኔ ፋይሉን ከራሱ ጀምሮ አነበበው። ሦስቱ መስመሮች እንደ ጻፋቸው ተቀምጠዋል። ከውጭ የተሰጠውንና ከውስጥ የተጻፈውን ሲያገናኝ ማሽኑ የሚሰማው የውስጡን ነው። እንግዳ የፈለገውን ይበል፣ የቤት ሰው ቃል ይጸናል። በየሳምንቱ የበሽተኞቹ ስም በሩ ድረስ መጥቶ ተመልሷል፤ የአክስቱ ስም ብቻ ገብቷል።

መስመሮቹን ሰረዛቸው። ደግሞ «ድንጋይ» አለ፤ «ለድንጋይ» ብሎ ወጣ። አንድ አፍታ ደስ አለው። ስህተት ሲገኝ የሚመጣ ደስታ ነው፣ ለምዶበታል። በኋላ ዕድሜውን ሁሉ ያፈረው በዚያች አፍታ ነበር።

ለግላዲስ ሶሌር ደወለ።

«ግላዲስ፣ የዶኛ ኤርሜሊንዳ ናዌልፓን መልእክት...»

«እሷን ነው? እሷንማ በቃሌ ይዣታለሁ! በየሳምንቱ አራት አምስት ጊዜ ደጋግመህ ትልካለህ፣ እኔ አንዴ ነው የማነበው። እዚህማ ይሄ ሰው እንዴት ቢናፍቃት ነው እያልን ነው።»

«ስህተት ነው።»

«እንዴት ስህተት?»

«የሌሎቹ መልእክት ሁሉ በእሷ ስም ወጥቶ ነው።»

«ታዲያ እነዚያ በሽተኞችስ? ማን ተቀበላቸው?»

ኖልቤርቶ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላሰባቸውም ነበር። በኋላ የሆስፒታሉን ሾፌር ሲጠይቀው፣ ተቀባይ ያጡትን እያዞረ በየጎረቤቱ ሲያወርድ መክረሙን ነገረው። «ብርዱ ነው ሰው ያስቀረው ብዬ» አለ።

ግላዲስ ማረሚያውን ወዲያው አነበበችው፤ ከዘፈን በፊትም ከዘፈን በኋላም ደጋገመችው። ነገር ግን ሐሙስ ማታ በዚያ ሜዳ ሬዲዮ የሚከፍት የለም። ባትሪ ለረቡዕ እኩለ ቀን ነው የሚቀመጠው፣ ለዘፈን አይባክንም። ኖልቤርቶ መኪና ሊለምን ደጅ ሲወጣ በረዶው ጉልበት ደርሶ፣ ፖሊስ መንገዱን ዘግቶት አገኘ። የዶን ኤሊያስ መኪና ያለፈው ከመዘጋቱ በፊት ነበር። እሳቸው በአክስቱ በር ሲያልፉ ገና ሐሙስ ስለነበር በሩ ላይ ማንም አልቆመም፤ በረዶው እያባረራቸው ስለነበርም ወደ ቤቷ አልገቡም።

አርብ ዕለት ኤርሜሊንዳ ፈረሷን ጭና ወጣች። አመሻሹ ላይ ሴጉንዶ ዌንቹል ፈረሷ ባዶውን በእሱ ቤት በኩል ሲያልፍ አይቶ ተከተለና፣ በአጥሩ ምሰሶ ሥር ኩርምት ብላ አገኛት። ቅዳሜ በመንገድ ጠራጊው ትራክተር ተጭና ኖልቤርቶ ወደሚሠራበት ሆስፒታል መጣች። ሳንባዋ ውሃ ይዟል፤ የሁለት ጣቶቿ ጫፍ ጠቁሯል።

አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። አፍንጫዋ ላይ የአየር ቱቦ አለ። ፀጉሯ ሲፈታ ይህን ያህል ሳስቶ አያውቅም ነበር፣ ወይም እሱ ለብዙ ጊዜ ሳያየው ቆይቷል። ዓይኗን ገለጠች።

«መጣህ?»

«መጣሁ፣ አክስቴ።»

«ዛሬ አርብ ነው እንዴ?»

ሊስቅ ሞክሮ አልቻለም። «ለምን ወጣሽ? በመጀመሪያው አርብ ስቀር ለምን አልተውሽውም?»

«በመጀመሪያው መኪናው ተበላሽቶ ነው ብያለሁ። ከዚያ ወዲያማ እንደማትመጣ ዐወቅሁ።»

«ታዲያ?»

ትንፋሿን ሰበሰበች። «አገር ሰምቷል፣ ልጄ። ቤቴ ብቀመጥ ኖልቤርቶ ዋሾ ነው፣ አክስቱም ታውቀዋለች ይላሉ። በሩ ላይ ቆሜ ሲያዩኝ ግን መንገድ ይዞት ነው ይላሉ።»

ኖልቤርቶ እጇን ያዘ። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ዶላሩና ስለ ቅንፉ፣ ስለ ሦስቱ መስመሮች ነገራት። የሕክምና ባለሙያ ፊት እንደ ቆመ ሰው፣ አንዳች ሳይዘል አስረዳ። እሷ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«ስሜን ለሙከራ ነው ያስገባኸው?»

«ለሙከራ።»

«እና ልትመጣ አላሰብክም ነበር።»

«አስቤ ነበር። ሁልጊዜ አስባለሁ።»

«እሱን ዐውቃለሁ» አለች። «አባትህም ማሰብ ይችልበት ነበር።» ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም እጁን መታ መታ አደረገችለት። እሱን የጎዳውም መታ መታ ማድረጓ ነው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ቤቱ እንድትቀመጥ ለመናት። ለእሷ የሚሆን ክፍል አለ፣ ምድጃ አለ፣ ውሃው በቧንቧ ይመጣል አላት። እሷ ፍየሎቿን ነው የምትጠይቀው፦ ማን ያልባቸዋል፣ ሴጉንዶ ጨው ይሰጣቸው ይሆን። ሳንባዋ ሲጸዳና ጫፋቸው የተቆረጠው ሁለት ጣቶቿ ሲደርቁ፣ ሐኪሟ ለመጪው አርብ ፈቀደላት። ስሟም በዳታቤዙ ውስጥ ከሚወጡት ጋር ገባ።

ረቡዕ ኖልቤርቶ ማዳመጫውን አውልቆ ነርሶቹ ክፍል ገባና፣ የሠራውን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮው ሰማ። ግላዲስ አነበበች፦ «ለሴጉንዶ ዌንቹል፣ ላጉና ፍሪያ። ዶኛ ኤርሜሊንዳ ናዌልፓን በአርቡ መኪና ትመጣለች። ፈረስ ይዘው በአጥሩ በር ላይ ይጠብቁ። ይህን የሰማ ጎረቤት እባክዎ ያድርስ።» ስሙ ልክ፣ ቦታው ልክ። የሌሎቹም በየተራ ልክ ሆኖ ተነበበ። ነርሶቹ አጨበጨቡለት።

አርብ ሾፌሩን ለምኖ መኪናውን ራሱ ነዳ። አክስቱ ከጎኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ የሚያልፉትን ኮረብታዎች በስማቸው እየጠራች ታወራው ነበር። ላጉና ፍሪያ በር ሲደርሱ ማንም አልነበረም። ሜዳው ነጭ ነው፤ እስከ ዓይን ጥግ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

«ይደርሳሉ» አለ ኖልቤርቶ።

«ይደርሳሉ» አለች እሷም።

ጠበቁ። ነፋሱ መኪናውን ያወዛውዘዋል። ኖልቤርቶ ወርዶ በሩ አጠገብ ቆመ። እግሩ መጀመሪያ አመመው፣ ከዚያ ደነዘዘ። ዞር ብሎ ሲያያት በመስኮቱ ውስጥ ሆና መንገዱን ሳይሆን እሱን ታያለች። ምን እንደምታስብ መጠየቅ ፈራ። በመጨረሻ ሞተሩን ሳያጠፋ ትቶላት፣ ወደ ሴጉንዶ ቤት በእግሩ ተነሳ።

ሴጉንዶ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ሲያየው መጥረቢያውን ጣለው።

«አንተ ነህ? ምን ሆነ፣ ሞተች?»

«በሩ ላይ ናት። መኪና ውስጥ። ረቡዕ በሬዲዮ ተነግሮ ነበር፣ አልሰማችሁም?»

ሴጉንዶ ኮፍያውን አወለቀ። «ሰምተናል። ኤርሜሊንዳ የሚለው ሲመጣ ሚስቴ ደግሞ ጀመሩ ብላ ዘጋችው። ሳንጨርሰው ነው የዘጋነው።» አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ እየሄድኩ እነግራት የነበረው፣ ኖልቤርቶ። እያንዳንዱን ጊዜ። ከዚያ በኋላ ስሟን በሬዲዮ መስማት አልቻልኩም።»

አብረው ፈረሱን ጫኑ።

በሩ ላይ ሁለቱ ተሸክመው ከመኪናው አወረዷትና ፈረሱ ላይ አወጧት። በቆሰለው ቀኝ እጇ ልጓሙን ለመያዝ ስትታገል አይቶ ኖልቤርቶ እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን በግራዋ ያዘችው። መኪናው እስከ ማታ መመለስ ነበረበት፤ ከኋላም በሌላ በር የሚጠበቁ በሽተኞች ተቀምጠዋል።

«ለጠቦቶቹ ጊዜ እመጣለሁ» አላት። «ቀኑን አስቀድሜ በሬዲዮ...»

«አይ፣ ልጄ» አለች። «መምጣትህን አትላክብኝ። ስትመጣ ዝም ብለህ ና።»

ሴጉንዶ ፈረሱን እየሳበ ሄደ። እሷ ዞራ አላየችም፤ አንገቷ አይዞርላትም ነበር፣ ወይም እሱ እንደዚያ ብሎ ራሱን አጽናና።

ኖልቤርቶ ከዚያ በኋላ ሄዷል። ለጠቦቶቹም ሄደ፣ ለአዲስ ዓመትም ሄደ፣ እሷ በሕይወት እስካለች ድረስ ብዙ ጊዜ ሄደ። ቤት ሲደርስ ማቴው ይቀርብለታል፣ የተጠበሰ ሊጥ ይወጣለታል፣ ትስቅለታለች። በሩ ላይ ግን አንድም ቀን ወጥታ ጠብቃው አታውቅም። ወርዶ የቀዘቀዘውን ሽቦ ራሱ ይፈታል፣ መኪናውን ያሳልፋል፣ ተመልሶ ራሱ ያስረዋል።